አልጌው የት ይብቀል? የሳምፕና የሪፉጂየም ሥራ ማስታወሻ

የካቲት መጀመሪያ

የጨው ውሃ የዓሣ ገንዳዬ 75 ጋሎን ነው፤ 284 ሊትር። የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ቤዝመንት ውስጥ ስለሆነ ክብደቱ አያሳስበኝም። ውሃው፣ ድንጋዩ፣ መስታወቱና ማስቀመጫው ሲደመር ግን ከ400 ኪሎ ያልፋልና ፎቅ ላይ የምትኖሩ ገንዳ ከመግዛታችሁ በፊት ወለሉን ጠይቁ። ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ዓሦች፣ ጎቢ የሚባል አንድ ዓሣና ጥቂት ለስላሳ ኮራሎች አሉት። እስካሁን የሚያጣራው ከጀርባው የተንጠለጠለ ትንሽ ማጣሪያ ብቻ ነበር።

ዛሬ ስለካ ናይትሬት 10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አሥር እጅ)፣ ፎስፌት 0.8 ሆነ። ኮራል ላለበት ገንዳ ፎስፌቱ ከ0.1 ባያልፍ ይመረጣል። ትርፉ የት እንደሚሄድ ለማወቅ መመርመር አያስፈልግም፦ ድንጋዩ በሙሉ በፀጉራም አልጌ ተሸፍኗል። በጥርስ ብሩሽ እፍቀዋለሁ፣ ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ ይበቅላል።

ዓሣ እስከተመገበ ድረስ ናይትሬትና ፎስፌት ይመጣሉ፤ እነሱ ካሉና ብርሃን ካለ አልጌ መብቀሉ አይቀርም። ስለዚህ ሐሳቤ አልጌን ማጥፋት ሳይሆን ሌላ ቦታ ማብቀል ነው። ከገንዳው ሥር ሳምፕ፣ ማለትም ውሃው ወርዶ የሚጣራበትና በፓምፕ የሚመለስበት ሁለተኛ ገንዳ፣ አስቀምጣለሁ፤ ከሳምፑ አንዱ ክፍል ሪፉጂየም ይሆናል፤ ዓሣ የማይደርስበት፣ የራሱ መብራት ያለው፣ የመረጥኩት አልጌ የሚያድግበት ክፍል። እዚያ ያደገው እየታጨደ ሲወጣ የበላውን ናይትሬትና ፎስፌት ይዞ ይወጣል። ካልታጨደ ግን ምንም አልተጣራም ማለት ነው።

ሐሳቡ እዚሁ ከተማ ውስጥ ታሪክ አለው። የስሚዝሶኒያኑ ዋልተር ኤዲ በመረብ ላይ አልጌ እያበቀለና እያጨደ ውሃ የማጥራትን ዘዴ ያዳበረ ሰው ነው፤ በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ ለሕዝብ ይታይ የነበረው የኮራል ገንዳም በዚሁ መንገድ ይሠራ ነበር።

ያው ሳምንት፣ ስለ ቧንቧ ውሃ

ማጣሪያ ከመሥራቴ በፊት የሚገባውን ውሃ ለካሁት። ከቧንቧው የቀዳሁት ፎስፌት ከ1 ፒፒኤም በላይ ነው። ምክንያቱ የታወቀ ነው። የከተማውን ውሃ የሚያዘጋጀው ዋሽንግተን አኩዌደክት በ2000 ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውሁድ) ሲቀይር ከአሮጌ ቧንቧዎች እርሳስ ወደ ውሃው መውጣት ጀመረ፤ ብዙ ውዝግብ ከተነሳ በኋላ በ2004 ኦርቶፎስፌት መጨመር ተጀመረ። ፎስፌቱ የቧንቧውን ውስጥ እየለበጠ እርሳሱን ይይዘዋል። ለምንጠጣው ለእኛ ደግ ነገር ነው፤ ለአልጌ ግን ማዳበሪያ ነው። በዚህ ውሃ ጨው እየበጠበጡ ፎስፌትን መታገል ዋጋ የለውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢ ሳምፕ ሳይሆን አርኦ ዲአይ የሚባለው፣ በውሃው የሟሟውን ሁሉ የሚያስቀር ማጣሪያ ሆነ፦ ደለል ማጣሪያ፣ ሁለት የካርቦን ብሎክ፣ ሜምብሬን፣ በመጨረሻ ዲአይ ሬዚን። ካርቦኑን ሁለት ያደረግኩት በክሎራሚኑ ምክንያት ነው። ክሎራሚን ከተራ ክሎሪን ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚፈርሰው፤ ሲፈርስም አሞኒያ ይተዋል፤ ያንን የሚይዘው ሬዚኑ ነው። የሚወጣው ውሃ በቲዲኤስ ሜትር፣ የሟሟ ነገር በሚለካው መሣሪያ፣ ላይ 0 ያሳያል። ለአንድ ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሦስት አራት ጋሎን ወደ ፍሳሽ ይሄዳል፤ እኔ ግን በባልዲ እየያዝኩ ለልብስ ማጠቢያ አውለዋለሁ። ውሃ በፈረቃ እየቀዳ ላደገ ሰው ያንን ሁሉ ዝም ብሎ ማፍሰስ አይሆንለትም።

የካቲት አጋማሽ፣ መስታወት መለጠፍ

ሳምፑ አሮጌ 29 ጋሎን ገንዳ ነው፤ ርዝመቱ 76፣ ወርዱ 31፣ ቁመቱ 46 ሳንቲ ሜትር። ውስጡን 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው መስታወቶች ከፈልኩት። ከግራ ስነሳ፦ ከላይ የሚወርደው ውሃና ስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ ለይቶ የሚያወጣው መሣሪያ) ያሉበት 28 ሳንቲ፣ ሪፉጂየሙ 26፣ ከዚያ የአረፋ ወጥመድ፣ በመጨረሻ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ያለበት 14።

ስኪመሩ ያለበት ክፍል የውሃ ከፍታው መለዋወጥ የለበትም፤ በሁለት ሳንቲ ብቻ ከፍ ሲል አረፋው ከጽዋው አልፎ ይፈስሳል። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ግድግዳ 22 ሳንቲ ያደረግኩት የስኪመሩ መመሪያ የሚለውን ከፍታ አይቼ ነው። የአረፋ ወጥመዱ ሦስት መስታወት አለው፦ ውሃው በአንደኛው ላይ ያልፋል፣ በሁለተኛው ሥር ይሾልካል፣ በሦስተኛው ላይ ይወጣል። በመካከላቸው 2.5 ሳንቲ ክፍተት አለ። አረፋ ወደ ላይ መውጣት እንጂ ወደ ታች መውረድ ስለማይወድ እዚያው ይቀራል።

ሲሊኮኑ ሻጋታ መከላከያ የሌለበት መሆን አለበት። «ለመታጠቢያ ቤት» የሚል ከተጻፈበት ተዉት፤ ዓሣ ይገድላል። ከለጠፍኩ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ አልነካሁትም።

ስለ ሪፉጂየም መጠን ብዙ ክርክር አለ። የእኔው 17 ሊትር አካባቢ ነው፤ ከገንዳው ከመቶ ስድስት እጅ ብቻ። ሰዎች ቢያንስ አሥር ይላሉ። እኔ ስለ መጠኑ ያን ያህል አልጨነቅም፤ ደብዛዛ መብራት ካለው ሰፊ ክፍል ይልቅ ደማቅ መብራት ያለው ጠባብ ክፍል የበለጠ አልጌ ያበቅላል።

የካቲት መጨረሻ፣ መስታወት መብሳት

የዚህ ሥራ ከባዱ ቀን ይሄ ነው። ሳይበሱ በሳይፈን (ውሃን በጠርዝ አሻግሮ በሚስብ ቱቦ) የሚሠሩ ተንጠልጣይ ሳጥኖች አሉ፤ ሳይፈኑ አየር ከገባበት ግን ውሃው መውረዱን ያቆማል፣ ፓምፑ ግን መግፋቱን አያቆምም፤ ወለሉ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ በሳሁ።

ዓሦቹንና ድንጋዮቹን ማሞቂያና ፓምፕ ወዳለባቸው የፕላስቲክ በርሜሎች አዛወርኩ። መጀመሪያ የኋላው መስታወት በሙቀት የጠነከረ አለመሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የጠነከረ መስታወት መሰርሰሪያ ሲነካው ደቅቆ ነው የሚወርደው። ዘዴው ቀላል ነው፦ ላፕቶፕን ነጭ ገጽ ከፍቶ ከመስታወቱ ጀርባ ማስቀመጥና በፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ማየት። መስመርና ነጠብጣብ ከታየ ጠንካራ ነው። የእኔ የኋላው ንጹሕ ነበር፤ የታችኛው ግን በመስመር ተሞልቷል። በብዙ ገንዳዎች የታችኛው እንደዚያ ስለሆነ ከታች አትብሱ።

በ45 ሚሊ ሜትር የአልማዝ ክብ መሰርሰሪያ፣ ቀዳዳው ከጠርዙ ቢያንስ የራሱን ስፋት ያህል እንዲርቅ አድርጌ፣ ሦስት ቀዳዳ። ፍጥነቱ ዝቅ ያለ፣ ግፊቱ የመሰርሰሪያው ክብደት ብቻ፣ ውሃው የማይቋረጥ። ባለቤቴ የውሃ ጠርሙስ ይዛ ታንጠባጥባለች፣ እኔ እይዛለሁ። 10 ሚሊ ሜትር መስታወት ነው፤ መቸኮል አይወድም። ሲያልቅ የሚወድቀው ክብ መስታወት ጀርባውን እንዳይላጥ በቴፕ ደግፌው ነበር።

ሦስት ቀዳዳ የሆነው በምክንያት ነው። አንደኛው ቧንቧ በጌት ቫልቭ (ፍሰቱን በጥቂት በጥቂቱ በሚያጠብ መዝጊያ) ተቆንጥጦ ሙሉ በሙሉ በውሃ ይሞላል፤ አየር ስለሌለው ድምፅ የለውም። ሁለተኛው ትርፏን ጠብታ ይቀበላል። ሦስተኛው ባዶ ነው፤ የመጀመሪያው ቢደፈን ሁሉን የሚሸከመው እሱ ነው። አንዲት ቀንድ አውጣ ስትገባበት ቧንቧ እንደሚደፈን ለማመን አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። ሦስት ቧንቧ ቅንጦት አይደለም።

መጋቢት መጀመሪያ፣ ቧንቧና ውሃ

የፒቪሲ ሥራ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሐምራዊው ፕራይመር እጅና ምንጣፍ ላይ ከነካ አይለቅም፤ ጨርቅ አንጥፉ። ፓምፑ ለማጠብ እንዲወጣ ዩኒየን፣ በእጅ የሚፈታ መገጣጠሚያ፣ አስገብቼበታለሁ።

የፓምፑ ሳጥን በሰዓት 3,800 ሊትር ይላል። 1.4 ሜትር ሽቅብ ሲገፋ ግን ሌላ ነው፦ አሥር ሊትር ባልዲ በ18 ሰከንድ ሞላ፤ በሰዓት 2,000 ሊትር መሆኑ ነው። ይበቃል። ሪፉጂየሙ የሚፈልገው ጎርፍ አይደለም።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል የሚለውን በሐሳብ መመለስ አይገባም፤ ሶኬቱን ነቅሎ ማየት ነው። ከገንዳው ሁለት ሳንቲ ቢወርድ 11 ሊትር ያህል ነው፤ ሳምፑ ውስጥ አምስት ሳንቲ ከፍ ያደርጋል፤ ቧንቧው ውስጥ ያለው ይጨመርበታል። ሳምፑ ውሃው 22 ላይ፣ ቁመቱ 46 ስለሆነ ይተርፋል። መመለሻው ቧንቧ ላይ ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ትንሽ ቀዳዳ በስቻለሁ፤ ያቺ ቀዳዳ አየር ካልሳበች ውሃው ወደ ኋላ እየተሳበ ግማሹ ገንዳ ይወርዳል። ቀንድ አውጣ እንዳይደፍናት በየጊዜው መጥረግ ነው።

የኤሌክትሪኩ ሶኬት ጂኤፍሲአይ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ራሱን ያጠፋል። ገመዶቹ ሁሉ ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ታጥፈው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ጠብታ ቢከተላቸው ወለሉ ላይ ይወድቃል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ጨዋማነቱ 35 ፒፒቲ (ከሺህ 35 እጅ)። ጨዋማነት የምለካበትን ሪፍራክቶሜትር የማስተካክለው በተጣራ ውሃ ሳይሆን 35 በሆነ መለኪያ ፈሳሽ ነው፤ ዜሮ ላይ ልክ የሆነ መሣሪያ 35 ላይ ሊስት ይችላል። የሚተነው ውሃ እንጂ ጨው ስላልሆነ የጎደለውን የሚሞላው አውቶማቲክ መሙያ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይጨምራል። ውሃ መጉደሉ የሚታየው በፓምፑ ክፍል ነው፤ የመሙያው ዳሳሽ እዚያ ተጣብቋል።

መጋቢት አጋማሽ፣ ኬቶሞርፋ

አልጌው ኬቶሞርፋ ነው፤ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ይመስላል፣ አረንጓዴ ከመሆኑ በቀር። ሥር የለውም፣ ድንጋይ ላይ አይለጠፍም፣ በእጅ ተነቅሎ ይወጣል። አንድ ኳስ የምታህል ከአንድ ወዳጄ አገኘሁ።

ኮለርፓ የሚባለውን ሌላ ሰው ሊሰጠኝ ነበር። ቅጠሉ ያምራል፤ ነገር ግን አንዳንዴ በአንድ ሌሊት ዘሩን ይበትንና ራሱ ነጥቶ ይሞታል፤ የያዘውን ሁሉ ወደ ውሃው ይመልሳል። ሌላም ጣጣ አለው። ኮለርፓ ታክሲፎሊያ በ2000 ካሊፎርኒያ፣ ካርልስባድ አጠገብ ባለ ሐይቅ ሲገኝ በፕላስቲክ ሸፍነው ክሎሪን እየጨመሩ ነው ያጠፉት፤ ነፃ ነው ተብሎ የታወጀው በ2006 ነበር። ከሰው ገንዳ የወጣ እንደሆነ ይታመናል። ስለዚህ የማጭደውን ማንኛውንም አልጌ ወደ ወንዝም ወደ ሲንክም አልጥልም፤ አድርቄ ወደ ቆሻሻ ነው።

መብራቱ ለችግኝ የሚሸጥ ኤልኢዲ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ይበራል፤ የላይኛው ገንዳ በሚጨልምበት ጊዜ ማለት ነው። በጨለማ ሁሉም ይተነፍሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል፣ ፒኤች ይወርዳል፤ ውሃው ወደ አሲድነት ያዘነብላል ማለት ነው። ታች ያለው አልጌ በዚያ ሰዓት ካርቦኑን እየተጠቀመ መውረዱን ያለዝበዋል።

እናቴ በቪዲዮ አይታው፣ «አረም ለማብቀል ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ብር ያፈሰስከው፣ ልጄ?» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም።

በዚሁ ሰሞን የከተማው ውሃ ለጸደይ ጽዳት ለጊዜው ከክሎራሚን ወደ ተራ ክሎሪን ተቀይሯል፤ በየዓመቱ ያደርጉታል። አሞኒያው ስለቀረ ሬዚኑ ትንሽ ያርፋል።

መጋቢት መጨረሻ፣ ቡናና ፒኤች

ፒኤቹ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት 8.0፣ ማታ 8.2 ነው። እሑድ ከሰዓት ግን 7.75 ሆኖ አገኘሁት። መሣሪያውን አስተካክዬ ደገምኩ፣ ያው ነው። እንግዶች ነበሩ፤ ብርድ ስለሆነ መስኮቱ ተዘግቷል፤ ቡናው ሦስተኛ ደርሷል፤ ዕጣኑ ይጨሳል። ሰው በበዛበት የተዘጋ ቤት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፍ ይላል፤ ስኪመሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚስበው ይህንኑ አየር ነው። ከውሃው ጋር ይበጠብጠዋል። ዕጣኑንም አብሮ።

ቡና አይቀርም። የቀረው የስኪመሩን የአየር ቱቦ በመስኮቱ ጠርዝ ወደ ውጭ ማውጣት ነው፤ ጫፉ ላይ የነፍሳት መረብ አድርጌበታለሁ። በሚቀጥለው እሑድ በዚያው ሰዓት 8.0። ሁለት ጥንቃቄ፦ ጎረቤት ሣር ላይ መድኃኒት ሲረጭ ቱቦውን ወደ ውስጥ መመለስ፤ ከሰል የሚነድ ከሆነ ደግሞ ከዓሣው በፊት ለሰው ማሰብና መስኮት መክፈት።

ሚያዝያ

ኳሷ ክፍሉን ሞላችው። ከታች ያለው ብርሃን አጥቶ መበስበስ ሲጀምር የማጨጃው ጊዜ አልፏል ማለት ነውና ግማሹን አወጣሁ። ላይ ያለው ፀጉራም አልጌም ሳስቷል፤ የቀረውን ቀንድ አውጣዎቹ እየጨረሱት ነው።

ቁጥሩ ግን እኩል አልወረደም፦ ናይትሬት 2፣ ፎስፌት 0.4። ይሄ የማጣሪያው ድክመት ሳይሆን የአልጌው አመጋገብ ነው። አትኪንሰንና ስሚዝ በ1983 የባሕር አልጌዎችን መርምረው እንዳሳዩት በአማካይ ለአንድ የፎስፈረስ አቶም 30 የናይትሮጅን አቶም ይዘዋል። በገንዳ መለኪያ ሲመነዘር፣ 1 ፒፒኤም ፎስፌት ሲወስድ 20 ፒፒኤም ያህል ናይትሬት ይወስዳል። ናይትሬቱ ከ10 ወደ 2 ሲወርድ ፎስፌቱ በ0.4 ብቻ መቀነሱ ስሌቱን ይገጥማል። በዚሁ ከቀጠለ ናይትሬቱ ያልቅና አልጌው ማደግ ያቆማል፤ ፎስፌቱ እዚያው ይቀራል። በደረቁ የተገዛ ድንጋይ የያዘውን ፎስፌት በወራት ውስጥ እየለቀቀ ሌላ ይጨምርበታል።

ብዙዎች እዚህ ላይ ሪፉጂየም አይሠራም ይላሉ። ሥራው ይሄ ነው፤ የቀረውን ፎስፌት ሌላ ነገር ይውሰደው። ጥቂት የብረት ኦክሳይድ እንክብል በከረጢት አድርጌ ሳምፑ ውስጥ አኖርኩ፤ መመሪያው ከሚለው ሩቡን ብቻ። ፎስፌት በአንዴ ሲወርድ ኮራል ይጎዳል። የሪፉጂየሙን መብራትም ከ14 ወደ 9 ሰዓት ቀነስኩ፤ ናይትሬቱ እንዲያገግም።

ዜሮን የሚመኝ ሰው ካለ ይመለስ። ናይትሬትና ፎስፌት ሁለቱም ሲጠፉ ሌሎች አልጌዎች ይዳከሙና ቦታውን ዳይኖፍላጀሌት ይይዛል፦ ቡናማ፣ አረፋ የያዘ ንፍጥ፤ አንዳንዱ ቀንድ አውጣ የሚገድል መርዝ አለው። ከፀጉራም አልጌ አሥር እጥፍ ይከፋል።

ለፋሲካ እንግዶች ሲመጡ ገንዳው አጠገብ ተቀምጠው ድምፁን አልሰሙም። ጌት ቫልቩን በሩብ ዙር እየቆነጠጥኩ ያጠፋሁት ምሽት አልባከነም።

ግንቦት

ከጨለመ በኋላ በእጅ ባትሪ ሪፉጂየሙን ስናይ ኬቶሞርፋው ውስጥ ነጫጭ ነጥቦች ይርመሰመሳሉ፤ ኮፔፖድ የሚባሉ ደቃቅ የባሕር እንስሳት ናቸው። ከመጀመሪያው ሁለት ጠርሙስ ጨምሬበት ነበር። አምፊፖድ የሚባሉ ሌሎች ትናንሽ እንስሳትም አሉ፤ እነሱ ከድንጋዩ ጋር የመጡ ናቸው። ዓሣ ስለማይደርስባቸው ተራብተዋል፤ ትርፉ በፓምፑ አልፎ ወደ ላይ ይወጣል።

በዚህ ምክንያት ነው ኦርኪድ ዶቲባክ የገዛሁት፦ ሰባት ሳንቲ የማትሞላ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሐምራዊ፣ የቀይ ባሕር ዓሣ። በሌላ ባሕር አትገኝም። የገበያዎቹ አብዛኞቹ በእርባታ የተፈለፈሉ ስለሆኑ ከባሕሩ የሚጎድል የለም። ቀኑን ሙሉ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ኮፔፖድ ስታድን ትውላለች።

ልጆቹ ማንዳሪን ዓሣ ይግባ ብለው ለምነዋል። አልገዛም። ማንዳሪን ቀኑን ሙሉ ኮፔፖድ ሲለቅም ነው የሚውለው፤ 17 ሊትር ሪፉጂየም ከዶቲባክ ጋር አካፍሎ አያኖረውም። ቀስ እያለ ከስቶ የሚሞት ዓሣ ነው።

የኬቶሞርፋው ጫፍ ትንሽ ነጥቷል። ብረት ሲያንሰው እንዲህ ይሆናል። የውሃ ቅየራውን አዘውትሬ አየዋለሁ እንጂ ጠብታ መድኃኒት አልጀምርም።

ሰኔ

ናይትሬት 5፣ ፎስፌት 0.09። የብረት ኦክሳይዱን ከረጢት አወጣሁት፤ ቁጥሩ ከ0.15 ካለፈ ይመለሳል። የማጣሪያውን ከረጢት፣ 200 ማይክሮን የሆነውን፣ በሦስት በአራት ቀን እቀይራለሁ፤ ከቆየ የያዘው ሁሉ እዚያው በስብሶ ናይትሬት ይሆናል። ፓምፑን በሆምጣጤ ውሃ አጥቤ መለስኩ፤ የኖራ ቅርፊቱ ለቋል፣ የባልዲው ልኬትም ወደ 18 ሰከንድ ተመልሷል።

የቀረው የመብራት መጥፋት ነው። የዚህ ከተማ ሰመር ነጎድጓድ አያጣውም፤ በሰኔ 2012፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ያለፈው ማዕበል ብዙ ሰፈሮችን ለቀናት አጨልሞ ነበር። ፓምፑ ሲቆም ዓሦቹ የሚያልቅባቸው መጀመሪያ ኦክሲጅን ነው፤ ማጣሪያው ቆይቶ ነው። በባትሪ የሚሠራ፣ መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚነሳ የአየር ፓምፕ አዝዣለሁ። አንዱ ቱቦ ላይኛው ገንዳ፣ አንዱ ሪፉጂየሙ ውስጥ ይገባል።